ቀልብን ስለ መሰብሰብ

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ኮሚቴው «ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኑሮውን እንዴት እንደያዙት ይንገሩን» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ግማሻችን ጡረተኛ ነን። ጡረተኛ ለጡረተኛ ምን ይነግራል? ደም ግፊት መለካት ከሆነ ቤቴ መጥታችሁ ስታስለኩ ትኖራላችሁ፤ ለእሱ ስብሰባ አያስፈልግም። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ለብዙ ጊዜ በልቤ የያዝኩት ነገር ስላለ እሺ አልኩ።

በቃሉ ልጀምር። ጡረታ «መጦር» ከሚለው የመጣ ነው። መጦር ሽማግሌን ወይም አሮጊትን ማብላት፣ ማልበስ፣ ደግፎ ማንሳት ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ብለን የምንመራረቀው ለዚህ ነው። በቃሉ ከሄድን እንግዲህ 60 ዓመት ሞልቶን ደብዳቤው ከደረሰን ጀምሮ ተጧሪዎች ነን። በኑሯችን ከሄድን ነገሩ ሌላ ነው። ከመካከላችን የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስና የምትመልስ አለች፤ የታመመ ባል የምታገላብጥ አለች፤ በጡረታ አበሏ ሥራ ያላገኘ ልጅ የምታኖር አለች። እኛው ነን ጧሪዎቹ። ስለዚህ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «አሁንማ እፎይ አልሽ» የሚሉኝን አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን አላምናቸውም። እፎይታ በደብዳቤ አይመጣም።

እንደምታውቁት 36 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ስሰናበት የምስጋና ወረቀት፣ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። (ከእንግዲህ ሰዓት ለማያስፈልገው ሰው ሰዓት የሚሸለምበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።) የመጀመሪያው ዓመት ላይ እጄ ሥራ ፈታ እንጂ ጭንቅላቴ አላረፈም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ተረኛ የሆንኩ ይመስለኛል። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፣ የሚያየው የለም። ሽንኩርት እየከተፍኩ የነገውን አስባለሁ፤ ነገ ሲደርስ የትናንቱን። ምሳ በልቼ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ውጭ የምትኖረው ልጄ ይህን በስልክ ስነግራት «እማዬ፣ ማይንድፉልነስ ሞክሪ» አለችኝና የድምፅ ቅጂ ላከችልኝ። እንቅልፍ የመጣበት የሚመስል ሰውዬ በእንግሊዝኛ ትንፋሻችሁን ተከተሉ ይላል። ሳቅሁ። ኋላ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ አነበብኩና መሳቄን ተውኩ። ጆን ካባት-ዚን የሚባል በሞለኪውላር ባዮሎጂ የተማረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሥልጠና ጀመረ። መጀመሪያ የተቀበላቸው ሕመማቸው ሥር የሰደደ፣ ሐኪም ብዙም ሊረዳቸው ያልቻለ ሰዎችን ነበር። ነገሩን የወሰደው ከቡድሃ እምነት ተከታዮች የተመስጦ ልማድ ነው፤ ግን ማንም በየትኛውም ሃይማኖት ሆኖ ሊሠራው እንዲችል አድርጎ አቀረበው። ሕመሙን አጠፋላችኋለሁ አላለም። ሕመሙ እያለ እንዴት እንደሚኖር ነው ያስተማረው። እኔ በዎርድ ውስጥ ስንት እንደዚያ ያለ ሰው አይቻለሁ! ስለዚህ በዚህ አልስቅም።

ደግሞስ ትንፋሽ መቁጠር ለነርስ ምን አዲስ ነገር አለው? አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ቸኩለሽ 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 ብታባዢ ልትሳሳቺ ትችያለሽ። ከዚህም ሌላ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። ስለዚህ የልብ ትርታ የምትቆጥሪ መስለሽ አንጓውን ትይዢና በዓይንሽ ደረቱን ታያለሽ። ያቺን አንድ ደቂቃ ሌላ ምንም ነገር ማሰብ አይቻልም፤ ካሰብሽ ቁጥሩ ይጠፋል። እንግዲህ ይህን በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስሠራ ኖሬ የሰውዬው ቅጂ እንግዳ ነገር ሊሆንብኝ አይገባም ነበር።

በእኛ ቋንቋ የዚህ ነገር ስሙ ቀልብ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ልብ ማለት ነው፤ ሙስሊም እህቶቼ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እኛ ግን ወስደን ስንት ነገር አደረግንበት! «ቀልቤን ሳበው»፣ «ቀልቤ አልወደደውም»፣ «ቀልቧ ተገፈፈ»፣ «ቀልበ ቢስ»። ቀልብ የሚሸሽ፣ የሚበተን፣ ተመልሶ የሚሰበሰብ ነገር መሆኑን እናቶቻችን ያውቁ ነበር። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ደጋግሞ ተነሡ፣ አስተውሉ የሚለን ቀልባችን ደጋግሞ ስለሚሄድ ነው። ለሶላት ስትቆሙ መጀመሪያ ኒያ የምታደርጉትም ያለ ቀልብ የሚደረግ ስግደት ወገብ ማጉበጥ ብቻ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ ነው ብላችሁ አትሽሹት፤ ከውጭ ስለመጣ ደግሞ ከቤታችን ካለው የሚበልጥ አይምሰላችሁ።

እኔ በቅጂው ብዙ አልገፋሁበትም። ተቀምጦ ትንፋሽ ብቻ መጠበቅ እንቅልፍ ያመጣብኛል። የረዳኝ ፈትል ነው።

አውቃለሁ፣ ከመካከላችሁ ፈትል የምትችሉት ብዙ ናችሁ፤ ለማትችሉት ልንገር። ጥጥ ከመርካቶ ገዛሁ። ፍሬው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ተዳምጦ ይወጣል። ከዚያ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ጥጡን ሲመታው እየተፈታ፣ እየተነፋ እንደ ደመና ይሆናል። ያ ነው ባዘቶ። (ዛሬ የተነደፈ መግዛት ይቻላል፤ የእኔ ትከሻ ስለማይችል እኔም አንዳንዴ እገዛለሁ።) ከባዘቶው ጫፍ ትንሽ ስበሽ እንዝርቱ ላይ ታያይዣለሽ፣ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ አሹረሽ ትለቂዋለሽ። አንዱ እጅ ይስባል፣ አንዱ ያሾራል። ጥጥ አጭር ነው፤ ይቅርታ አያውቅም። ቀልብሽ የቤት ኪራይ ጋ ከሄደ ክሩ ይወፍራል፤ ልጅሽ ለምን አልደወለችም ጋ ከሄደ ይበጠሳል። የተበጠሰውን መቀጠል ቀላል ነው፤ ጫፉን ባዘቶው ላይ አስጠግቶ እንደገና ማሾር ነው። ቅጂው ላይ ያለው ሰውዬ ሐሳብህ ሲሄድ ራስህን አትውቀስ፣ ዝም ብለህ ተመለስ የሚለው ይህንኑ ነው። እሱ በቃል ነው የሚነግርሽ፤ እንዝርት ግን እጅሽ ላይ ያሳይሻል።

መጀመሪያ ሰሞን በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር። ልቃቂቱ ሲበዛ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ዘንድ ወሰድኩት። ፈትሉን በጣቱ መሃል አሳልፎ «ማዘር፣ ይህ ለማግ ይሆናል እንጂ ለድር አይሆንም» አለኝ። ድር መወጠሩን መቻል አለበት፤ የእኔ ወጣ ገባ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ የወሰድኩትን ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ከጡረታ ወዲህ ካገኘሁት ሹመት ትልቁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ነው።

ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ፣ እጅ ሲይዝና ቀልብ ሲሰበሰብ ሰላም ይመጣል ይባላል። እኔ ዘንድ መጀመሪያ የመጣው ሰላም አይደለም። የመጣው መንዝ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተላከ። ከእናንተም የዘመታችሁ አላችሁ፤ ካኪውን አትረሱትም። እኔ ከዚያ በፊት ከሰበታ አልፌ አላውቅም። የደረሰኝ ጣቢያ መንዝ ውስጥ ነበር። መንዝ ማለት ብዙው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሌሊት ውሃ የሚረጋበት አገር ነው። ምግቡ ገብስ፣ ልብሱ የበግ ጠጉር። ሴቶቹ ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባናና ዝተት ይሠራሉ። ሴት መንገድ እየሄደች ትፈትላለች፤ በጀርባዋ ልጅ አዝላ፣ እየተጫወተች ትፈትላለች።

እኛ ልናስተምር ነበር የሄድነው። ዛሬ ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል። የመንዝ ሰዎች ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ለጥቂት ዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ተማክረው ይከፍቱታል፣ አጭደው ቤታቸውን ይከድኑበታል፣ መልሰው ይዘጉታል። እንዲህ እያደረጉ ለብዙ ትውልድ ጠብቀውታል። ከመሬት አዋጁ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ኋላ ግን ማኅበረሰቡ መልሶ ያዘው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት፣ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ስፍራ ነው። የ17 ዓመት ልጆች ለእነዚህ ሰዎች ስለ መሬት ልናስረዳ ሄድን እንግዲህ! ግን ዘመቻው ከንቱ ነበር የሚሉትንም አልቀበልም፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል አስተምር ነበር። አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። እርሳስ ስሰጣቸው ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። «ልጄ፣ አንቺ እርሳሱን ያዢ ትይኛለሽ፤ በይ አንቺም ይህን ያዢ» ብለው እንዝርታቸውን ሰጡኝ። አሾርኩት፣ ወደቀ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ውላችን ይህ ሆነ፤ እኔ ፊደል፣ እሳቸው ፈትል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የወንድና የሴት ልዩነት ሳይደረግ ማንም ራሱ ለማረስ የፈቀደ ሰው መሬት ያገኛል ይል ነበር። በኋላ የገበሬ ማኅበር ሲመዘገብ እኚያ እናት መዝገቡ የተቀመጠበት ቤት ድረስ ሄዱ። «አንብቡልኝ አላልኩም፣ ላየው ነው» አሉ። በጣታቸው እየወረዱ ስማቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እያንዳንዷን ፊደል ነኩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና «ደኅና ዋሉ» ብለው ወጡ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ያንን ጣት የሚያህል ግን አላየሁም። ዘመቻው ከንቱ ነበር ሲሉኝ እሱ ነው የሚታየኝ።

ሌላም ሰው ነበረች። ከእኔ ጋር የዘመተች፣ አንድ ክፍል ያደረች፣ አንድ ባና የለበስን ልጅ። ስሟን እዚህ አላነሳም፤ የቤተሰቦቿ ነው። ዘመቻው አልቆ ተመለስን። ቀይ ሽብር መጣ። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከቤቷ ተወሰደች፣ አልተመለሰችም። በዚያ ዘመን ለብዙ ቤተሰብ ልቅሶ መቀመጥ እንኳ አልተፈቀደም። እኔም ነርስነት ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ከዚያ ጀምሮ አንድም ቀን ስለ እሷ ከማንም ጋር ተነጋግሬ አላውቅም። ማንም አያነሳም ነበር። እዚህ ያለን በእኔ ዕድሜ ያለን ሴቶች ታውቁታላችሁ፤ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ቡና ጠጥተን በዚያ ዘመን ማን ምን እንዳጣ አንዳችን ስለ አንዳችን አናውቅም።

አምና አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ቤቴን አፈላልጋ መጣች። ታናሽ እህቷ ናት። እናታቸው ሲሞቱ ከሣጥናቸው የዘማቾች ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ጀርባው ላይ ስማችን ተጽፏል። እህቷ ስትወሰድ እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናትየው ዕድሜ ልካቸውን ምንም አልተናገሩም። «እህት እንደነበረችኝ አውቃለሁ» አለችኝ፤ «ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ግን የነገረኝ የለም። ድምጿ ምን ይመስል ነበር?»

እህቶቼ፣ በዚያች ደቂቃ ምንም አልመጣልኝም። ፊቷ እንኳ ከፎቶግራፉ ነው የመጣልኝ። ሳምንት ስጪኝ አልኳት።

ያን ሳምንት መንዝ እንደለመድኩት ይሁን ብዬ በጥጥ ፋንታ የበግ ጠጉር አስመጣሁ። ጠጉር ቅባት አለው፤ ጣት ላይ ይቀራል፣ ይሸታል። ሁለት ቀን ፈተልኩ። በሦስተኛው ቀን ድምጿ መጣ። ወፍራም ነበር፤ ለቀጭን ልጅ የማይሆን ድምፅ፣ ወንዶቹ «ቄሱ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ከዚያ ሌላው ተከታትሎ መጣ። ውሻ ትፈራ ነበር። የመንዝን ውሻ የሚያውቅ አይፈርድባትም። ስለዚህ ሁልጊዜ ኪሷ ውስጥ ጠጠር ትይዛለች። በዚያው ኪስ የገብስ ቆሎ ትይዛለች። አንድ ማታ ኩራዙ ደክሞ ሳለ ለተማሪዎቹ እናቶች ቆሎ አዘገነች፤ አንዷ ነከሰች፤ ጠጠር ነው። «ይህ የአዲስ አበባ ቆሎ ነው?» አሉ። ከሳቅ ብዛት የዚያን ዕለት ትምህርት አልተካሄደም።

ለእህቷ ይህን ስነግራት ሳቀች። ስታለቅስ እጠብቅ ነበር፤ አላለቀሰችም። ደብተር አውጥታ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «በየትኛው ኪስ? በቀኙ ነው በግራው?» አለችኝ።

ያንን አላውቅም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የኪስ ጎን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ግን አወቅሁ። ከእሷ ጋር የነበርነው ሰዎች ስንት ቀርተናል? እኔ 68 ልሆን ነው። ፎቶግራፉ ላይ ካለነው ዘጠኝ ልጆች የት እንዳሉ የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነው።

እንደ ነርስ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ ቀልብ መሰብሰብ ለሁሉም መድኃኒት ነው ያልኩ ይመስላል። አይደለም። ከመካከላችን በቀይ ሽብርም፣ በኋላ በመጡት ጦርነቶችም ከባድ ነገር ያየን አለን። ዝምታው ውስጥ የሚመጣው ነገር ልብሽን የሚያስመታ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ምግብ የሚያስጠላ ከሆነና ሳምንታት ካለፉት ብቻሽን አትቀመጪበት። ጤና ጣቢያ ሂጂ። አማኑኤል ሲባል እብድ ብቻ የሚሄድበት የሚመስለን ነገር ይቅር፤ ለኩላሊት ሐኪም ዘንድ እንደምንሄደው ነው። እንዝርትም ጸሎትም ከሐኪም ጋር አይጣሉም።

ለዚህ ነው ለኮሚቴው ሐሳብ ያቀረብኩት። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከስብሰባችን ሌላ፣ እንቀመጥ። ተራ የደረሳት ከ15 እስከ 25 ዓመቷ ባለው ጊዜ ያየችውን አንድ ነገር ትናገር። ትልቅ ነገር አይሁን። ዘመቻ ያልሄደች ስለ ሠርጓ፣ ስለ መጀመሪያ ደሞዟ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት፣ ቤይሩት ወይም ጅዳ ስለ ሠራችበት ዓመት ትናገር። ሌሎቻችን አናቋርጥም፤ «አይዞሽ፣ እርሺው» አንልም፤ «እኔም እኮ» ብለን ወደ ራሳችን አንወስድባትም። (ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደናል፤ ከአሁኑ እንለማመድ።) ጽሕፈት የምትችል ልጅ ትጽፍልናለች፤ የተጻፈው የተናጋሪዋ ነው፤ ለልጆቿ ብትሰጥ፣ ብታቃጥለው መብቷ ነው። ለመጽሔታችን እንዲወጣ የምትፈቅደውን ብቻ እናወጣለን።

እጅ ሥራ ይዞ መምጣት ይቻላል። ፈትል ለመማር ለምትፈልግ እኔ ዘንድ ስድስት እንዝርት አለ። ጥጡን ከመርካቶ በጋራ ብንገዛ ይረክሳል፤ ገንዘብ ያዧ ዛሬ ስም ትመዝግብ። እና በ1967 እና በ1968 ዓ.ም. መንዝ የዘመተች፣ ወይም የዘመተ ወንድም ያላት፣ ካለች ሳትሄድ ታነጋግረኝ፤ ስለ ኪሱ የምጠይቃት ነገር አለኝ።